19 ክሬዲት የተሸከምኩበት ሴሚስተር

ሐዋሳ ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ የዓሣ ምግብ ቤት ካሸር ነኝ። ማታ ማታ አካውንቲንግ እማራለሁ። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ሥራ ላይ ሆኖ በማታ ወይም በቅዳሜና እሁድ ለሚማር፣ የምዝገባ ቅጹን ይዞ «ዘንድሮ ስንት ኮርስ ልውሰድ?» እያለ ለሚያወጣ ለሚያወርድ ሰው ነው። የመደበኛ ተማሪ ኮርሱ ለባቹ ተቆርጦ ስለሚሰጠው በዚህ ጉዳይ እምብዛም አይጨነቅም። እኛ በክሬዲት እየከፈልን ስለምንማር መጨመርም መቀነስም በእጃችን ነው። እኔን የጎዳኝም ይኸው በእጄ መሆኑ ነው።

የፍሬሽማን የጋራ ኮርሶችን ጨርሼ ዋናውን የዲፓርትመንት ትምህርት የጀመርኩት በየካቲት ነበር። 4 ኮርስ፣ 13 ክሬዲት ወሰድኩ። ግሬድ ሲወጣ በፈንዳሜንታል ኦፍ አካውንቲንግ ቁጥር 1 ቢ ፕላስ፣ በሌሎቹ ሁለት ቢ እና አንድ ቢ ማይነስ፤ 3.10 መጣልኝ። ደስ ብሎኝ ይርጋለም ላለችው እናቴ ደወልኩ። «እሰይ ልጄ! ታዲያ ጋዋኑን መቼ ነው የምትለብሺው?» አለችኝ። እናቴ በክፋት አልጠየቀችኝም፤ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የቀሩኝን ሴሚስተሮች በጣቴ ቆጠርኩ። አንድ እጅ አልበቃኝም። አብራኝ አስራ ሁለተኛን የጨረሰችው የጎረቤታችን ልጅ ተመርቃ፣ ባንክ ገብታ፣ ልጅ ታቅፋለች።

«በየሴሚስተሩ ሁለት ሁለት ኮርስ ብጨምር ቢያንስ አንድ ሴሚስተር አተርፋለሁ» ብዬ ደመደምኩ። ውጤቴ ጥሩ ነው፣ የዕቁብ ዕጣዬ ደርሶኛል፣ ምን ይከለክለኛል? ክረምቱን ሙሉ በዚህ ሐሳብ ስደሰት ከረምኩ።

ለምዝገባ ስሄድ የሬጅስትራሯ ሴትዮ ቅጹን አየችና መነጽሯን ዝቅ አደረገች።

«ስድስት ኮርስ? 19 ክሬዲት?»

«አይፈቀድም እንዴ?»

«ውጤትሽ ከ3 በላይ ስለሆነ ይፈቀድልሻል። ሥራ አለሽ?»

«አዎ፣ ካሸር ነኝ።»

«እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» ብላ ማኅተሙን አሳረፈችበት።

ያን ጊዜ «አንቺ ታውቂያለሽ» ማለቷን እንደ ፈቃድ ነበር የሰማሁት። ዛሬ ሳስበው ሴትዮዋ በየዓመቱ ስንቱን እንዲህ ብላ እንደሸኘች ይገርመኛል። ደንቡ የሚመልሰው «ይፈቀዳል ወይ?» የሚለውን ብቻ ነው። «ይቻላል ወይ?» ለሚለው ሬጅስትራር መስኮት የለውም።

አራቱ የማታ ኮርሶች የራሴ ባች ናቸው፦ ፈንዳሜንታል ኦፍ አካውንቲንግ ቁጥር 2፣ ማይክሮ ኢኮኖሚክስ፣ ቢዝነስ ሎው፣ ቢዝነስ ኮሙኒኬሽን። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ11፡30 እስከ ማታ 2 ሰዓት። የጨመርኳቸው ሁለቱ፣ ማትስ ፎር ፋይናንስ እና ስታቲስቲክስ፣ የሚሰጡት ለቅዳሜና እሁድ ተማሪዎች ስለነበር ጠዋት ጠዋት ከእነሱ ጋር እገባለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የዓሣ ቤት ዋናው ገበያ ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ሁሉ አሞራ ገደልን አይቶ፣ ከአባ ኮዳዎቹ ጋር ፎቶ ተነሥቶ ምሳውን ፍለጋ ወደ እኛ ይመጣል። አለቃዬን ለምኜ በሁለቱ ቀን የማታ ሽፍት ተሰጠኝ። በዚህ የተነሣ ከቅዳሜ ጠዋት እስከ እሁድ እኩለ ሌሊት ድረስ አንድም ባዶ ሰዓት አልነበረኝም። ዕረፍቴ ማክሰኞ ነው። ማክሰኞን ልብስ አጥቤ ተኝቼ አሳልፈዋለሁ።

እስከ ኅዳር አጋማሽ ድረስ የምችለው መስሎኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር እንዲያውም ኮራ ብዬ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ኮርስ ቀላል ነው፤ መምህሩ ኮርስ አውትላይኑን ያነባል፣ ምዕራፍ አንድ ትርጉምና ታሪክ ነው፣ አሳይመንት የለም። የመጨመርና የመቀነሻው ጊዜ ደግሞ በእኛ ኮሌጅ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ናቸው። ሸክሙን ማራገፍ የሚቻለው ገና ሳይከብድ ነው ማለት ነው። ሲከብድ መስኮቱ ተዘግቷል።

ከኅዳር አጋማሽ በኋላ የግሩፕ ወርክ መጣ። ስድስት ኮርስ ስወስድ ስድስት መጽሐፍ ብቻ የማነብ መስሎኝ ነበር። ከስድስቱ ኮርሶች በአራቱ የግሩፕ አሳይመንት ተሰጠን፤ አራት ግሩፕ፣ አራት የቴሌግራም ክፍል፣ አራት «የት እንገናኝ?»። የማታዎቹ እሁድ ጠዋት እንገናኝ ይላሉ፣ እኔ ክፍል ነኝ። የቅዳሜና እሁዶቹ ሐሙስ ማታ ይላሉ፣ አሁንም ክፍል ነኝ። በአንዱ ግሩፕ ስሜ ከሽፋኑ ላይ ሊሰረዝ ሲል ዓሣ ጉላሽ ጋብዤ ነው የተረፍኩት።

ከዚያ ታኅሣሥ ገባ። ሐዋሳ የሚኖር ሰው ታኅሣሥ 19 ምን እንደሆነ አይነገረውም። ለገብርኤል ክብረ በዓል ከየአገሩ የሚመጣው ሕዝብ ከተማዋን ይሞላታል፤ አልጋ ይጠፋል፣ ባጃጅ ይጠፋል፣ እኛ ጋ ወንበር ይጠፋል። ሐምሌ 19 ላይ እንደገና እንዲሁ ነው፤ እሱ ግን ክረምት ላይ ስለሚውል ትምህርት አይነካም። የታኅሣሡ ከሚድ ፈተና ጋር ይጋጫል፤ ከአሥር ቀን በኋላ ደግሞ ገና አለ። በዓሉ በየዓመቱ በዚያው ቀን እንደሚውል እያወቅሁ ስመዘገብ አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም። የዩኒቨርሲቲን ካላንደር ሁሉም ያያል፤ የከተማውን ካላንደር አብሮ የሚያይ ግን ጥቂት ነው።

በዚያ ሳምንት የሆነውን ላጫውታችሁ። የበዓሉ ማግሥት ሌሊት ሂሳብ እየዘጋሁ ነው። የማሽኑን ዜድ ሪፖርት (የቀኑን ሽያጭ ድምር) አውጥቻለሁ፣ ጥሬ ገንዘቡ ልክ ነው። በቴሌብር የተከፈለውን ግን በደብተር ስለምንመዘግብ የደብተሩ ድምር ስልኩ ላይ ከገባው ገንዘብ 270 ብር አነሰ። ደመርኩ፣ 270። ከታች ወደ ላይ ደመርኩ፣ 270። ዓይኔ ተቃጥሏል፣ በነጋታው የማይክሮ ሚድ አለብኝ፣ ሃንድአውቱ ከመሳቢያው ሥር ተቀምጧል፤ አልተነበበም። ልቅሶ ቀረሽ ሆኜ ለድርጅቱ አካውንታንት ደወልኩ፤ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

«ልዩነቱን ለ9 አካፍዪው» አሉኝ፣ እንቅልፍ በያዘው ድምፅ።

«30።»

«እንግዲያው እኩል ተካፈለ። ቁጥር አገላብጠሽ ጽፈሻል። ፈልጊው።»

ፈለግሁ። 850 የተከፈለውን 580 ብዬ ጽፌዋለሁ። ሁለት አሃዞች ቦታ ሲቀያየሩ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። ይሄ የማንም ሚስጥር አይደለም፤ የትራያል ባላንስ (የሂሳቦች ድምር ማመሳከሪያ ሠንጠረዥ) ስሕተት የሚፈለግበት የታወቀ ዘዴ ነው፤ እንዲያውም የእኛው የፈንዳሜንታል መምህር ከሁለት ሳምንት በፊት አስተምረውት ነበር። እኔ በዚያ ቀን አልነበርኩም። ማትስ አሳይመንት ለመጨረስ ፈንዳሜንታልን ቀርቼ ነበር። አካውንቲንግ የምማር ሰው፣ ለሥራዬ በቀጥታ የሚጠቅመኝን አንድ ነገር፣ ኮርስ ስላበዛሁ አመለጠኝ።

የቀረውን ባጭሩ ልናገር። ፋይናል ላይ የማታውና የቅዳሜና እሁዱ ፕሮግራም ሳይተያይ ስለሚወጣ ማትስና ፈንዳሜንታል አንድ ቅዳሜ ላይ ዋሉ፤ አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ከሰዓት በ8 ሰዓት። ለፈንዳሜንታል ስገባ ጭንቅላቴ ባዶ ነበር። አሥር ዓምድ ያለውን ወርክ ሺት አስምሬ፣ የአጀስትመንቱን ዓምድ ጀምሬ፣ ደብዳቤ ጀምሮ ቃል እንደጠፋው ሰው ቁጭ አልኩ።

ውጤቱ ይኸው፦ ቢዝነስ ኮሙኒኬሽን ቢ፣ ቢዝነስ ሎው ሲ ፕላስ፣ ማይክሮ ሲ፣ ስታቲስቲክስ ሲ ማይነስ፣ ማትስ ዲ፣ ፈንዳሜንታል ሁለት ኤፍ። የሴሚስተሩ 1.62። ከቀድሞው ጋር ሲደመር ድምር ውጤቴ ከ2 በላይ ስለቆየ አልተባረርኩም። ፈንዳሜንታል 4 ክሬዲት ነው፤ ሌሎቹ ሦስት ሦስት ናቸው። በእሱ ሲ እንኳ ባገኝ ኖሮ ሴሚስተሩ 2.04 ይሆን ነበር። ክሬዲቱ ከፍ ያለ ኮርስ ሲወድቅ ድምፁም ከፍ ያለ ነው።

የባሰው ግን ጂፒኤው አይደለም። በአካውንቲንግ ኮርሶቹ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። ፈንዳሜንታል ሁለትን ሳታልፉ ኢንተርሚዲየት አንድ አይሰጣችሁም፣ ያለ ኢንተርሚዲየት አንድ ኢንተርሚዲየት ሁለት የለም፣ ከዚያ አድቫንስድ አለ። ኮስት አካውንቲንግም ከዚሁ ግንድ ላይ ነው የሚበቅለው። ባቼ በየካቲት ኢንተርሚዲየት አንድን ሲጀምር እኔ ፈንዳሜንታል ሁለትን በመስከረም ከገባው ባች ጋር ደግሜ፣ ደግሜም ከፍዬ ወሰድኩ። ኢንተርሚዲየት አንድ በማታው ፕሮግራም ተመልሶ የመጣልኝ በቀጣዩ ጥቅምት ነው። አንድ ሴሚስተር ላተርፍ ብዬ ተነሥቼ፣ በጨመርኳቸው ሁለት ኮርሶች አንዱን ዲ፣ ሌላውን ሲ ማይነስ አግኝቼ፣ አንድ ሴሚስተር ወደ ኋላ ቀረሁ።

ጋሼ ያን ጊዜ ነው ቁጭ ብለው ያሰሉልኝ። ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ከማሽኑ ረጅም የደረሰኝ ወረቀት ቀድደው፣ ጀርባው ላይ።

«ሳምንት ስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ።

«168።»

«ሥራ?»

ስድስት ቀን፣ ስምንት ስምንት ሰዓት፣ 48። ሂሳብ መዝጊያው ሲጨመር 52 አልን። እንቅልፍ 7 ሰዓት በቀን፣ 49። ከታቦር ሥር ከተከራየሁበት ቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ኮሌጅ፣ ከኮሌጅ ወደ ቤት፣ ባጃጅ መጠበቁ ሳይቀር፣ 9። ምግብ ማብሰል፣ ማጠብ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ እናቴ ጋ መደወል፣ ዕቁብ፣ ዝም ብሎ መቀመጥ፤ እኔ 12 ልል ነበር፣ «አትዋሺ» ብለው 22 አደረጉት። ሲደመር 132። የቀረው 36።

«አንድ ኮርስ ስንት ሰዓት ይፈልጋል?»

አላውቅም ነበር። 3 ክሬዲት ስለተባለ 3 ሰዓት መስሎኝ ኖሬያለሁ፤ እሱ ክፍል የምንቀመጥበት ብቻ ነው። ኮርስ አውትላይን ካላችሁ አውጡና ከላይ ያለውን ሠንጠረዥ እዩት። የ3 ክሬዲት ኮርስ ብዙ ጊዜ 5 ኢሲቲኤስ ተብሎ ይጻፋል፤ 5 ኢሲቲኤስ ደግሞ በአገራችን አሠራር 135 ሰዓት ነው፤ ክፍሉም፣ ንባቡም፣ አሳይመንቱም፣ ፈተናውም ተደምሮ። በ16 ሳምንት ስታካፍሉት በሳምንት ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ይመጣል። ለአንድ የክፍል ሰዓት ሁለት የጥናት ሰዓት የሚባለውን የቆየ ልማድ ብትጠቀሙም 9 ነው፤ ልዩነት የላቸውም።

36ን ለስምንት ተኩል። አራት ኮርስ፣ ትንሽ ፍርፋሪ ይተርፋል። እኔ የወሰድኩት ስድስት፣ 51 ሰዓት። 15ቱ ሰዓት ከየት መጣ? ጋሼ እንቅልፍ የተጻፈበትን መስመር በስክሪብቶ ጠቆሙ። 15 ለ7 ሲካፈል በቀን ሁለት ሰዓት ገደማ። ያን ሴሚስተር በእርግጥም አምስት አምስት ሰዓት ነበር የተኛሁት፤ 850ን 580 ያደረገው እጄ ከዚያ ነው የመጣው።

አራት ወጣ ማለት ግን አራት ውሰዱ ማለት አይደለም። በሒሳቡ ውስጥ ሕመም የለም፣ ለቅሶ የለም፣ የታመመች ባልደረባን ሽፍት መሸፈን የለም። ከየካቲት በኋላ ባለው ሴሚስተር የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጨምበላላ፣ አለ፤ ቀኑን የሲዳማ አዋቂዎቹ አያንቶዎች ኮከብ አይተው ስለሚወስኑት ቀድማችሁ ካላንደር ላይ ልታሠምሩበት አትችሉም፤ ሲውል ግን ጉዱማሌ ሕዝብ ይሞላል፣ እኛም ቤት ሥራ ይሞላል። ሁዳዴም አለ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ትቼ፣ እኔ ከካሸር ወንበሬ ላይ የማየው ገበያው እንደማይቀዘቅዝ ነው። ስለዚህ ታኅሣሥ ባለበት ሴሚስተር ሦስት፣ በሌላው አራት እወስዳለሁ። የእናንተ ታኅሣሥ ሌላ ነው፤ ባንክ የምትሠሩ ሰኔ ላይ የበጀት ዓመት መዝጊያ አለባችሁ፣ መምህራን የራሳችሁን ተማሪዎች ፈተና በምታርሙበት ሳምንት የራሳችሁ ፋይናል ይመጣባችኋል።

መቀነስ ካለባችሁ የትኛውን እንደምትቀንሱ ደግሞ ከቁጥሩ በላይ ያሳስባል። ብዙዎቻችን የምንቀንሰው የሚያስፈራንን ነው። እኔ ባለፈው ዓመት ኮስት አካውንቲንግን ልተው ቅጹን ሞልቼ ነበር፤ ጋሼ ናቸው ያስቀደዱኝ። የሚቀነሰው ከኋላው ምንም የማይጎትት ኮርስ ነው። ካሪኩለሙን ይዛችሁ «ይህን ካልወሰድኩ ምን ይዘጋብኛል?» በሉ። ምንም ካልዘጋ፣ ለምሳሌ የኔ ቢዝነስ ሎው ዓይነት ከሆነ፣ በፈለጋችሁት ሴሚስተር ይወሰዳል። ሰንሰለት ላይ ያለው ግን፣ የቱንም ያህል ቢከብድ፣ በጊዜው ይወሰድ፤ ሌላው ሁሉ ለእሱ ቦታ ይልቀቅለት። ያ የቀነሳችሁት ኮርስ መቼ ተመልሶ እንደሚሰጥም ዲፓርትመንት ጠይቁ። በማታ ፕሮግራም ተማሪ ካልሞላ ሴክሽን አይከፈትም።

ከዚህ ጋር፣ ስሌት ያለባቸውን ኮርሶች አንድ ላይ አታጭቁ። እኔ በአንድ ሴሚስተር ፈንዳሜንታል፣ ማትስ እና ስታቲስቲክስ ወስጃለሁ። ስሌት በየቀኑ እጅ ካልሠራበት አይሆንም፣ ሌሊቱን በመቸከል አይመጣም። የንባብ ኮርስ ላይ ሦስት ቀን የቸከለ ሰው ቢያንስ ሲ አያጣም። ሁለት ከዚህ፣ አንድ ወይም ሁለት ከዚያ ሲሆን ጭንቅላትም ያርፋል። ከሌላ ሴክሽን ኮርስ የምትጨምሩ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት የፈተና ፕሮግራማቸው አብሮ እንደማይወድቅ አረጋግጡ፤ የእኔን ቅዳሜ አትድገሙት።

ድሮፕ ማድረግና መቅረት አንድ አይደሉም። አብሮኝ ይማር የነበረ የባጃጅ ሹፌር ማይክሮ ሲከብደው ዝም ብሎ ቀረ። ቅጽ አልሞላም፣ ለማንም አልተናገረም። ግሬድ ሲወጣ ኤንጂ (ኖ ግሬድ፣ ውጤት የለም ማለት ነው) ተጻፈበት፤ ምንድን ነው ብሎ እስኪጠይቅ ጊዜው አለፈና ኤፍ ሆነ። ቅጹን በሁለተኛው ሳምንት ሞልቶ ቢሆን ኮርሱ ከስሊፑ ላይ ይወጣለት ነበር። ስለዚህ እኔ አሁን በአንደኛው ሳምንት የሁሉንም ኮርስ አውትላይን እሰበስባለሁ፣ የአሳይመንቱንና የፈተናውን ብዛት እቆጥራለሁ፣ መምህሩ ግሩፕ ወርክ ይወዱ እንደሆነ ከላይ ባች እጠይቃለሁ። መወሰኛዬ የሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ ነው። ዓርብ ሬጅስትራር ሰልፍ ነው።

ሥራ ቤት በኩል አንድ ነገር ረዳኝ። የዓመት ፈቃድ በሕጉ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ድሮ ጥምቀት ሰሞን ወስጄ ቤተሰብ ጋ እጨርሰው ነበር። አሁን አለቃዬን ጠይቄ ለሁለት ከፍዬዋለሁ፤ ግማሹ ለጥር ወር ፋይናል፣ ግማሹ ለሰኔው። ጥያቄውን ፈተናው ሲደርስ አላቀርብም፤ ምዝገባው እንዳለቀ፣ ሌላ ሰው ለመመደብ ጊዜ ሲኖራቸው በጽሑፍ አስገባለሁ። እስካሁን እንቢ አልተባልኩም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪኬ ብዙ የሚያጓጓ አይደለም። ፈንዳሜንታል ሁለትን ከሌሎች ሁለት ኮርሶች ጋር በ10 ክሬዲት ወሰድኩትና ቢ ፕላስ አገኘሁ። ኢንተርሚዲየት አንድ ላይ የማታውን ትምህርት ማለዳ ሥራ ከመግባቴ በፊት ሐይቁ ዳር ተቀምጬ እደግመው ነበር፤ በዚያ ሰዓት ከዓሣ አስጋሪዎቹ በስተቀር የሚረብሽ የለም። እንቅልፌ ሰባት ሰዓት ነው። ሂሳብ ሳይዘጋልኝ ያደርኩበት ሌሊት ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም የእኔ ጥፋት አልነበረም።

ስለ ማነስም ልናገር፣ ምክንያቱም ከዚያ ሴሚስተር በኋላ አንድ ጊዜ ፈርቼ ሁለት ብቻ ልውሰድ ብዬ ነበር። ከክፍላችን አንዲት መምህርት ለሁለት ዓመት ያህል ሁለት ሁለት ስትወስድ ቆይታ በየጊዜው ከማታውቀው ባች ጋር ስትቀመጥ፣ ሃንድአውት የሚሰጣት፣ የድሮ ፈተና የሚያካፍላት ሰው ስታጣ አየሁ። ኋላ ተወችው። ኮሌጆችም አንድ ዲግሪ የሚጨረስበት የጊዜ ጣሪያ አላቸው፤ የራሳችሁን ጠይቁ። እኔ ከሦስት በታች አልወርድም፣ ቢያንስ ሁለቱን ከራሴ ባች ጋር።

በጥድፊያ ማለፍ ምን እንደሚያስከፍል መጨረሻ ላይ የሚታይበትም ቦታ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ መውጫ ፈተና ይፈተናል፣ 50 ከመቶ ካላመጣ ዲግሪው አይሰጠውም። የሚመጣው ከዋና ዋናዎቹ ኮርሶች ነው። ኢንተርሚዲየትን በዲ ሾልኮ ያለፈ ሰው እዚያ ላይ እንደገና ያገኘዋል። አሁን የዎርክሺት መልመጃዎቼን አልጥልም፤ በየኮርሱ በፌስታል አስሬ አልጋዬ ሥር አስቀምጣለሁ።

እናቴ አሁንም ትጠይቀኛለች። «ሦስት ሴሚስተር ቀረኝ እማዬ» እላታለሁ። «ባለፈውም ሦስት አልሽኝ» ትላለች። እውነቷን ነው፣ ባለፈው አራት ማለት ነበረብኝ።

ባለፈው ሰኞ አዲሷ አስተናጋጃችን መጣችብኝ። ማርኬቲንግ በማታ ልትመዘገብ ነው። «እሜቴ፣ ስንት ልውሰድ?» አለችኝ፤ ሦስት ዓመት ስለምበልጣት እሜቴ እያለች ታሾፍብኛለች። ከማሽኑ ወረቀት ቀደድኩና ጀርባው ላይ 168 ብዬ ጻፍኩ። ሥራ፣ እንቅልፍ፣ መንገድ፤ ታናሽ ወንድሟን እሷ ናት የምታሳድገው፤ እሱን 10 ሰዓት ልትል ስትል «አትዋሺ» አልኳት። የቀረላት 27 ሰዓት ሆነ። ሦስት ኮርስ።

ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችና በማግሥቱ አምስት ተመዝግባ መጣች። «ይፈቀዳል አሉኝ» አለች።

ምንም አላልኳትም። መቀነሻው የሚያበቃው በቀጣዩ ሳምንት ዓርብ ነው። የድሮፕ ቅጹን ከሬጅስትራር ሁለት ቅጂ አምጥቼ የካሸሩ መሳቢያ ውስጥ፣ ከዝርዝር ሳንቲሙ ሥር አድርጌላታለሁ፤ የት እንዳለ ታውቃለች።